አሮጌዋን ሳይክል ማሠራት ይሻላል መቀየር? ለሐዋሳ ሰው

ሐዋሳ ውስጥ ሳይክል የልጅ መጫወቻ ብቻ አይደለም። ከተማዋ ሜዳ ናት። የታቦርን ተራራ ካልወጣችሁ በቀር ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት አይገጥማችሁም። ተማሪው፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ዳቦ አመላላሹ፣ ጡረታ የወጡት አባባ ሁሉም ይነዳሉ። ስለዚህ ሳይክሏ ስታረጅ ነገሩ የቤት አጀንዳ ይሆናል። ሳይክል ሠሪው ይሄም ይቀየር፣ ያም ይቀየር እያለ ሒሳብ ይደረድራል። ጎረቤት ደግሞ "ምን ያደርግልሃል፣ ሸጠህ አዲስ ግዛ" ይላል።

አብዛኛው ሰው የጥገናውን ዋጋ ከአዲስ ሳይክል ዋጋ ጋር አስተያይቶ ይወስናል። እኔ ግን ከዋጋ አልነሳም። መጀመሪያ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ፍሬሙ ጤነኛ ነው ወይ? ዕቃዋስ እዚሁ አካባቢ ይገኛል ወይ? ሁለቱም "አዎ" ከሆኑ የሃያ ዓመት ሳይክልም ብትሠራ አይገርምም። አንዱ "አይ" ከሆነ ግን የሦስት ዓመቷም ላታዋጣ ትችላለች።

ፍሬሙን ሳታዩ ዋጋ አትጠይቁ

ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ፍሬን፣ ኮርቻ ሁሉም ይቀየራሉ። ፍሬሙ ከተቀየረ ግን ያው ሌላ ሳይክል ገዛችሁ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረመረው እሱ ነው።

ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ማግኔት ይበቃል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ካላችሁ ፍሬሙ ላይ አስጠጉት። ከያዘ ብረት ነው። ካልያዘ ባብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የብረት ፍሬም ቢሰነጠቅ ጎበዝ በያጅ ሊያድነው ይችላል። ትንሽ ቢጣመምም ይቃናል። አሉሚኒየም ግን ለብየዳ የተለየ ማሽንና የተለየ እጅ ይፈልጋል። ከዚያም በላይ ሙቀቱ የነካው ቦታ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ እንደገና በሙቀት ካልታከመ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ሰፈር ውስጥ "እበይድልሃለሁ" የሚል ሰው ብታገኙ እንኳ የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ፍሬም ላይ ገንዘብ አታውጡ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ስንጥቅ የት ይፈለጋል? መሪው የሚገባበት አጭር ቱቦ ከሌሎቹ ቱቦዎች ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዋነኛው ነው። ቀጥሎ ፔዳሉ የሚዞርበት ቤት ዙሪያ፣ ከዚያ የኋላ ጎማ የሚታሰርበት። መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት። ቀለሙ ላይ ቀጭን የፀጉር መስመር ካያችሁ፣ በተለይ ከመስመሩ ዝገት የሚያነባ ከሆነ፣ የቀለም ጭረት ነው ብላችሁ አትለፉት። በጥፍራችሁ ዳብሱት። ጥፍር ከያዘ ብረቱ ራሱ ነው የተከፈተው። መሪው አጠገብ የተሰነጠቀ ሳይክል ሳይሠራ አይነዳም። እሱ ቦታ ሲለቅ ሰው በአፍጢሙ ነው የሚደፋው።

ባጃጅ ወይም መኪና ገጭቷት የሚያውቅ ከሆነ መጣመሙን በክር ማወቅ ይቻላል። የክሩን አንድ ጫፍ የኋላ ጎማ በሚታሰርበት ቦታ ላይ እሰሩ። ወደ ፊት ወስዳችሁ መሪው የሚገባበትን ቱቦ አዙሩና በሌላው ጎን መልሳችሁ ከኋላ እሰሩት። ከዚያ ከኮርቻው ሥር ከሚወርደው ቱቦ እስከ ክሩ ያለውን ክፍተት በግራም በቀኝም ለኩ። እኩል ከሆነ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው። የሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት አያስጨንቅም። አንዱ ጎን በግልጽ ከሰፋ ግን የኋላው ጎማ የፊቱን አይከተልም። ጎማም ቶሎ ቶሎ ይበላል።

ዝገትን በተመለከተ ሰው ያለአግባብ ይደነግጣል። ላዩ ላይ ያለ ቡናማ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ቀለም ይቀባል፣ አለቀ። የሚያስፈራው ከውስጥ የሚበላው ነው። የኮርቻውን ምሰሶ ነቅላችሁ ሳይክሏን ገልብጧት። የዝገት ቅርፊት እየተሰባበረ ከወጣ፣ ወይም ቱቦው በመፍቻ ሲመታ ድፍን ድምፅ ካለው፣ በያጅም አያድናትም።

በሽታዋ የትኛው ነው?

ፍሬሙ ጤነኛ ነው እንበል። አሁን ሠሪው የዘረዘረላችሁን ዕቃ ለዩ።

አንዳንዱ ነገር ጥገና ሳይሆን የዘወትር እንክብካቤ ነው። የፍሬን ላስቲክ፣ የፍሬን ሽቦ፣ ከመነዳሪ፣ የጎማው ኩሽኔታ ኳሶች፣ ግሪስ። እነዚህ ርካሽ ናቸው፤ አዲስ ብትገዙም ዓመት ሳይሞላ ትከፍሏቸዋላችሁ። በእነሱ ምክንያት ሳይክል የሚሸጥ ሰው ለገዢው ስጦታ እየሰጠ ነው። ኳሶቹ ሲቀየሩ ግን የሚዞሩበት ጽዋና ሾጣጣው ይታዩ። ጉድጓድ ጉድጓድ ካበጁ አዲስ ኳስ ብቻውን ወር አይቆይም።

ሰንሰለቱ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ሰንሰለት "ተለጠጠ" ይባላል እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። የሚያያይዙት ሚስማሮች ናቸው የሚበሉት። ከሚስማር እስከ ሚስማር ያለው ልክ ግማሽ ኢንች ነው፣ 12.7 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ የብረት ሜትር ይዛችሁ 24 ክፍተት ብትቆጥሩ አዲስ ሰንሰለት 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ30.6 ካለፈ መቀየሪያው ደርሷል። 30.8 ላይ ከደረሰ ዘግይታችኋል። የተበላ ሰንሰለት የኋላውን ጥርስ አብሮ ይበላዋል። ያኔ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ብትገጥሙ በአሮጌው ጥርስ ላይ ይዘላል፣ በተለይ ቆማችሁ ስትረግጡ። ሠሪው "ሰንሰለትና ጥርስ አንድ ላይ" ካላችሁ ብዙ ጊዜ ሊበላችሁ ፈልጎ አይደለም። ለኩና አረጋግጡ። ማርሽ የሌላት ሳይክል ትንሽ ትታገሳለች፤ ባለ ብዙ ማርሿ ግን አትታገስም።

የሐዋሳ አሸዋ እዚህ ላይ ዋነኛ ጠላት ነው። በጋ ላይ አቧራው ከዘይት ጋር ተደባልቆ የሞረድ ሥራ ይሠራል። ከጋራዥ የተለመነ የተቃጠለ ዘይት ሰንሰለት ላይ የሚያፈሱ አሉ። በውስጡ ከሞተር የተፋቀ ብረት አለበት፣ ጭራሽ ያባብሳል። መጀመሪያ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ቀጭን ዘይት በጠብታ ስጡ፣ ትርፉን ጥረጉ። ይህን የሚያደርግ ሰው የማሠራት ወይም የመቀየር ጥያቄ ቶሎ አይመጣበትም።

ከባዱ ወጪ ቸርኬ፣ የፊት ሹካና የፔዳል ክንድ ነው። አንድ ሁለት የቸርኬ ሽቦ ቢሰበር ችግር የለም። በየሳምንቱ ከሰበረ ግን ሌሎቹም ደክመዋልና ቸርኬው እንዳለ ይፈታ። ፍሬኑ የሚነክሰውን የቸርኬ ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱት። አሉሚኒየም ሆኖ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ቀጥኗልና አንድ ቀን በጎማው ንፋስ ግፊት ሊሰነጠቅ ይችላል። የፔዳል ጉዳይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የልጆች ጥፋት ነው። የግራው ፔዳል በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚጠብቀው። ይህን የማያውቅ በጉልበት ሲያዞረው የክንዱን ጥርስ ይበጣጥሰዋል፤ ከዚያ ፔዳሉ ሳይሆን ክንዱ ነው የሚገዛው።

ከእነዚህ ከባዶቹ አንዱ ብቻ ከሆነ የተጎዳው አሠሩት። ሁለቱም ቸርኬዎች፣ ማርሹና ሹካው አንድ ላይ ከሆኑ ግን ፍሬሙ ብቻ ነው የቀራችሁ። ፍሬሙ ልዩ ካልሆነ በቀር አይለፋበት።

ዕቃዋ ይገኛል ወይ?

እዚህ ላይ ነው አንዳንድ ጥሩ ሳይክሎች የሚሞቱት። ሳይክሏ ጤነኛ ሆና ጎማ ስላልተገኘላት ብቻ ግድግዳ ተደግፋ ትቀራለች።

የጎማ ቁጥር ያታልላል። "26 ነው" ወይም "28 ነው" ብሎ ገበያ መሄድ አይበቃም። ማውንቴን ሳይክል ላይ ያለው 26 በነጥብ ይጻፋል፣ ለምሳሌ 26 × 1.95። ቅርጫት ያላቸው የከተማ ሳይክሎች ላይ ደግሞ በክፍልፋይ የተጻፈ 26 × 1 3/8 አለ። ሁለቱ አይገናኙም። የመጀመሪያው የቸርኬ ልክ 559 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሁለተኛው 590። በ28ም እንዲሁ ነው። አሮጌዋ ፎኒክስና መሰሎቿ 28 × 1 1/2 ነው የሚያደርጉት፤ ልካቸው 635 ነው። 28 × 1.75 የተባለው ግን 622 ነው። አንዱ በሌላው ላይ አይገባም፣ በጉልበት ቢገባም ይወልቃል። ስለዚህ ጎማው ጎን ላይ በሰረዝ የተጻፈውን ቁጥር፣ ለምሳሌ 50-559 ወይም 40-635፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ያዙ። ዋናው ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው። ነጋዴው "ይሆናል" ቢላችሁም ቁጥሩን ሳታዩ አትክፈሉ።

ከዚያ ሳይክሏ ከመፈታቷ በፊት ዕቃው መኖሩን አረጋግጡ። መጀመሪያ ሐዋሳ ገበያ፣ ከሌለ ሻሸመኔ፣ ከዚያም ከሌለ አዲስ አበባ መርካቶ። መርካቶ ከደረሰ የመንገዱን ገንዘብ ወይም የሚያመጣላችሁን ሰው ምስጋና ሒሳቡ ውስጥ ጨምሩት። ፈትቶ ወር ሙሉ "ዕቃው ይመጣል" የሚል ሠሪ ጋር ያደረች ሳይክል ስትመለስ ብሎኗ አይሞላም።

ፎኒክስ ያላችሁ ሰዎች ላይ ትንሽ ልቆይ። ከባድ ናት፣ ፍሬኗ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው፣ የኒኬል ቸርኬዋ ክረምት ላይ ሲረጥብ ፍሬን በደንብ አይዝም። ይህ እውነት ነው። ግን የብረት ፍሬም ናት፣ አሠራሯ ቀላል ነው፣ ሽማግሌ ሠሪዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቷታል። ጄሪካን ወይም የዳቦ ሳጥን ለሚጭን ሰው ከብዙዎቹ አዳዲስ ማውንቴኖች ትሻላለች ባይ ነኝ። ዝናብ ላይ ርቀት ጠብቆ ቀስ ማለት ነው።

አዲሱስ?

አዲስ ሳይክል ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ፋብሪካ የወጣች ምርጥ ሳይክል ናት። በእጃችን ባለው ብር የምትገዛው ግን ሌላ ናት።

በርካሽ የሚሸጡት አዳዲሶች ዓይን ይስባሉ። ፊትም ኋላም ስፕሪንግ፣ 21 ማርሽ፣ ዲስክ ፍሬን፣ አንጸባራቂ ቀለም። እስቲ ቆም ብላችሁ ለሐዋሳ ምን እንደሚሠራ አስቡት። ከመናኸሪያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አሞራ ገደል ለመሄድ 21 ማርሽ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ሁለት ሦስቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ርካሽ ስፕሪንግ ክብደት ይጨምራል፣ ከረገጣችሁት ጉልበትም ይቀንሳል፤ የኋላው መገጣጠሚያ ደግሞ ሲላላ ሳይክሏ እንደ ዳንሰኛ ወገቧን ትነቀንቃለች። ኮብልስቶን ላይ ሲመች አይቻለሁ፣ አልክድም። ግን ሰፋ ያለ ጎማ ንፋሱ ትንሽ ሲቀነስ ያንኑ ምቾት ይሰጣል።

አዲስ ከገዛችሁ ቀላሏን ምረጡ። ስፕሪንግ የሌላት፣ የአሉሚኒየም ቸርኬ ያላት፣ ፍሬኗ ከሁለት ጎን በላስቲክ የሚነክስ፣ 26 በነጥብ ጎማ ያላት። ዕቃዋ በየሱቁ ይገኛል። ተገጣጥማ ስትሰጣችሁ ደግሞ በቀጥታ አትንዷት። በካርቶን መጥታ በችኮላ የተገጠመች ናት። ሌላ ሠሪ ጋ ወስዳችሁ ብሎኑን ሁሉ አስጠብቁ፣ ግሪስ መኖሩን አሳዩ።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ሳይክልም መለዋወጫውም ከውጭ ነው የሚመጡት፤ ሁለቱም ተያይዘው ወጡ። የሠሪው እጅ ግን በዶላር አይገዛም። ስለዚህ ሥራው የበዛ ዕቃው ያነሰ ጥገና፣ ማለትም መፍታት፣ ማጠብ፣ ማቃናት፣ መበየድ፣ ቸርኬ ማስተካከል፣ ከአዲስ መግዛት ጋር ሲነጻጸር ከድሮው የበለጠ አዋጭ ሆኗል። ሙሉ ዕቃ የሚቀየርበት ጥገና ግን ያን ጥቅም አያገኝም።

ያገለገለ መግዛት

ሰው የሚረሳው አማራጭ ይሄ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአዲሱ የሚሻለው እሱ ነው። ተማሪ ሲመረቅ፣ ሠራተኛ ሲዛወር፣ ልጅ ሲያድግ ጥሩ ሳይክል ይሸጣል። አደጋው ግን የሌላ ሰው ያልተከፈለ ጥገና ገዝታችሁ ከድጡ ወደ ማጡ መግባት ነው። የማግኔቱ፣ የክሩና የሰንሰለቱ ምርመራ እዚህም ይሠራል። ነድታችሁ ሞክሩ። ሁለቱንም እጅ ለአፍታ ላላ አድርጉ፤ ወደ አንድ ጎን ከጎተተች ምክንያት አላት።

የተሰረቀ ሳይክል መግዛት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሻጩ ደረሰኝ ካለው ጥሩ። ከሌለው ፍሬሙ ላይ የተመታውን ቁጥር፣ የሻጩን መታወቂያና የሁለት ምስክር ስም ይዛችሁ አጭር ውል ጻፉ። መታወቂያ ሲጠየቅ የሚያኮርፍ ሻጭ ካጋጠማችሁ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያምር ተሰናበቱት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው

ጥገናውን ከአዲስ ዋጋ ጋር ማስተያየት ስህተት ነው። መነጻጸር ያለበት ከእናንተ ጋር እኩል የሆነች ጤነኛ ያገለገለች ሳይክል ከምታወጣው ጋር ነው። ሦስት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። ሳይክላችሁ እንዳለች ብትሸጥ ስንት ታወጣለች? ጥገናው ከነእጅ ዋጋው ስንት ነው? ጤነኛዋ እኩያዋ ስንት ናት?

ለስሌት እንዲቀል ብቻ፣ እኩያዋ 10 ሺህ ብር ትሸጣለች እንበል። የእናንተ እንዳለች 4 ሺህ ታወጣለች። ጥገናው 3,500 ከሆነ ሳይክሏ በ7,500 ብር እጃችሁ ላይ ቆየች ማለት ነው። አሠሯት። ጥገናው 7 ሺህ ከሆነ ግን 11 ሺህ ሆነ፤ ሽጣችሁ ሌላ ግዙ። ሁለቱ ከተቀራረቡ እኔ ወደ ራሴ ሳይክል አደላለሁ። የራሴን በሽታ አውቀዋለሁ፣ የሌላውን ግን ገና ነው የማውቀው።

ሠሪው ሒሳቡን በወረቀት እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ ዕቃው ለብቻ፣ እጁ ለብቻ። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎችም እንዲመልስ ንገሩት። ይህን ስትሉ ፊቱን የማይቀይር ሠሪ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ብሩ ባንዴ ካልሞላ ደግሞ በደረጃ አሠሩ። ፍሬን ይቀድማል፣ ቀጥሎ ጎማና ቸርኬ፣ ከዚያ ሰንሰለትና ጥርስ። ኮርቻና ቀለም መጨረሻ።

ለማን?

የልጅ ሳይክል ላይ ብዙ አታስቡ። ልጁ ጉልበቱ መሪውን ከነካ ማሠራቱ ለታናሹ ካልሆነ በቀር ትርጉም የለውም። ለልጅ "ያድግበታል" ተብሎ የሚገዛ ትልቅ ሳይክልም አልወድም፤ እግሩ መሬት ካልደረሰ መውደቁ አይቀርም።

ከቱላ ወይም ከከተማው ዳር በየቀኑ ለሥራ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ለእሱ ሳይክሏ የቆመችበት ቀን የባጃጅ ሒሳብ የሚከፈልበት ቀን ነው። በወር ሁለት ሦስቴ መንገድ ላይ የምታስቀረው ከሆነ ጥገናው በወረቀት ላይ ቢያዋጣም መቀየሩ ይሻለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቅ ዳር ለመንሸራሸር ብቻ የሚነዳ ሰው ግን ጊዜ አለው። በርካሽ ቀስ እያለ ያሠራት።

ለመቀየር ከወሰናችሁ አሮጌዋን እንዳለች ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩዋት። የለመዳችሁትን ኮርቻ፣ የኋላ መጫኛውን፣ ጭቃ መከላከያውን፣ ደወሉንና ሰንሰለት ቁልፉን አስፈቱ። ብዙዎቹ አዳዲስ ማውንቴኖች መጫኛም ጭቃ መከላከያም ሳይኖራቸው ነው የሚሸጡት፤ ሐምሌ ላይ ጀርባችሁ በጭቃ ሲሞላ ትፈልጉታላችሁ። ጭቃ መከላከያውና መጫኛው በጎማ ልክ ስለሚለያዩ አዲሷ ላይ መግጠማቸውን ከመክፈላችሁ በፊት ሞክሩ። የተረፈውን ፍሬም ለሳይክል ሠሪው አቅርቡለት፤ ብዙ ጊዜ ከቆራሌው የተሻለ ይከፍላል፣ ወይም ከአዲሷ የመጀመሪያ ሰርቪስ ሒሳብ ላይ ይቀንስላችኋል።